በሬው የማን ነው?

የጎልማሶች የንባብ ትምህርት በሬዲዮ፤ የንግግሩ ሙሉ ቃል

  ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቀረብ በሉ። ንግግሩን በወረቀት የምታነቡ ደግሞ አትቸኩሉ። ጣታችሁን ከቃሉ በታች አድርጉና ቀስ እያላችሁ ተከተሉኝ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ያደግሁት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጎብዬ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። በቃል መጨረሻ ላይ ስለምትቀመጥ አንዲት ፊደል ነው። ፊደሏ ትንሽ ናት። ነገር ግን ካልተጠነቀቅንላት ወንድማማች ታጣላለች፣ ዘር ታስቀራለች። «እንዴት አንዲት ፊደል?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

1. ያነበብኩት ደብዳቤ

ጊዜው 1997 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በመንደራችን ደብዳቤ የመጣለት ሰው እኛን ተማሪዎቹን ይጠራን ነበር። «ና እስቲ ልጄ፣ ይህን አንብብልኝ» ይባላል። አንብበን ስንጨርስ ቆሎ ይዘገንልናል፤ እንመረቃለን። ደስ ይለናል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ጠሩኝ። እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። ባላቸው ለሰሊጥ አረም ወደ ሁመራ ሄደው ነበር። ፊደል ስላልቆጠሩ ደብዳቤውን በሰው አጽፈው በመንገደኛ ላኩት።

የቤቱን ነገር ልንገራችሁ። የእትዬ ባል አንድ በሬ አላቸው። የባላቸው ታናሽ ወንድምም አንድ በሬ አለው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች መቀናጆ ነበሩ። በሬዎቹን አንድ ላይ ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን ማሳ፣ በማግሥቱ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ታላቁ ወደ ሁመራ ሲሄዱ እርሻውን ለታናሹ አደራ ብለው ነበር።

በዚያ ክረምት በሁለቱም ቤት ልጅ ታሞ ነበር። አገሩ ቆላ ነው፤ ወባ አለበት። በእትዬ ቤት አንድ ወንድ ልጅ ተኝቷል። በወንድምየው ቤትም አንድ ወንድ ልጅ ተኝቷል።

ወንድምየውም መጥቶ ተቀመጠ። ደብዳቤውን ከፈትኩ። ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ በሬውን ይሽጥ። በብሩም ልጁ ይታከም።»

እትዬ ቶሎ ብለው፣ «ተመስገን! ወንድሙ በሬውን ሸጦ ልጃችንን ያሳክም ማለቱ ነው። ካቻምና የተበደረው ብር አለበት» አሉ።

ወንድምየው ደግሞ፣ «የለም እትዬ። የእሱን በሬ ሸጬ ልጄን እንዳሳክም ነው የፈቀደልኝ። ሲሄድ እረዳሃለሁ ብሎኝ ነበር» አለ።

ሁለቱም የሚሉት ምክንያት አላቸው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንተ የተማርከው፣ የማንን በሬ ነው የሚለው?»

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። «በሬውን» ይላል። «ልጁ» ይላል። ሌላ የሚለው የለም። «ወረቀቱ የማን እንደሆነ አልተናገረም» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን አፈርኩ። ተማሪ ሆኖ አላውቅም ማለት ያሳፍራል መሰለኝ። ስለዚህ፣ «የወንድምየውን በሬ ነው የሚለው» አልኩ። ያ የወረቀቱ ቃል አልነበረም። የእኔ ግምት ነበር።

ወንድምየው ተቆጣ። በማግሥቱ በሬውን ነድቶ ወሰደ። መቀናጆው ፈረሰ። የእትዬ ባል በሬ ብቻውን ቀረ፤ የወንድምየውም በሬ ብቻውን ቀረ። ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቃቸው ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝናቡ ሲዘንብ ሁለቱም ማሳ ሳይታረስ ቆየ። ልጆቹ በብድር ብር ታክመው ዳኑ፤ ምስጋና ይግባው። የጤፉ ዘር ግን ዘገየ። የዚያን ዓመት ምርት በሁለቱም ቤት አነሰ።

በመስከረም የእትዬ ባል ተመለሱ። ደብዳቤው ወጣና ተጠየቁ። «የራሴን በሬ ነው ያልኩት፤ የራሴን ልጅ ነው ያልኩት። ይኸ ምን ያጠያይቃል?» አሉ። ለእሳቸው ግልጽ ነበር። በልባቸው ያለው ግን በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቤ ቀርቷል። ሰው ሲጽፍ የማን መሆኑን ለይቶ ይጻፍ። ሰው ሲያነብ ደግሞ ወረቀቱ ያላለውን አይጨምር። የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

2. ባለቤቱ በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው

በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ተጀምሮ ነበር። በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጥቶበታል። ከወላጆቻችሁ መካከል በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ይኖራሉ። ያኔም ሆነ ዛሬ፣ ጎልማሳ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ የሚፈልገው ስሙን ነው። በጣት አሻራ ፈንታ ስምን ጽፎ መፈረም ትልቅ ነገር ነው።

እስቲ «ስሜ» የምትለውን ቃል ጻፉ። ስ፣ ሜ። «ስም» ብንል የማን እንደሆነ አይታወቅም። «ስሜ» ስንል ግን የእኔ ነው። ምን ተለወጠ? የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ። ሳድሷ «ም» ወደ ኃምስ ተሻግራ «ሜ» ሆነች። ባለቤቱ እዚያች ላይ ተቀምጧል።

አሁን «ቤት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፦

ቤቴ፦ የእኔ ቤት
ቤትህ፦ የአንተ ቤት
ቤትሽ፦ የአንቺ ቤት
ቤትዎ፦ የእርስዎ ቤት
ቤቱ፦ የእሱ ቤት
ቤቷ፦ የእሷ ቤት
ቤታችን፦ የእኛ ቤት
ቤታችሁ፦ የእናንተ ቤት
ቤታቸው፦ የእነሱ ቤት፣ ወይም የእሳቸው ቤት

ሁሉም «ቤ» ብለው ይጀምራሉ። የሚለያዩት በመጨረሻ ነው። አዲስ አንባቢ ደግሞ አንድ ልማድ አለበት። የቃሉን መጀመሪያ ያነብና መጨረሻውን በግምት ይሞላል። «ቤታችሁ» የሚለውን «ቤታችን» ብሎ ያልፋል። እኔም በክፍል ውስጥ ዘወትር የማየው ይህን ነው። በአማርኛ ግን የቃሉን መጨረሻ መገመት የሰውን ንብረት ለሌላ ሰው መስጠት ማለት ነው። ስለዚህ ጣታችሁ የመጨረሻዋን ፊደል ሳይነካ ወደሚቀጥለው ቃል አትለፉ።

«በሬ» የሚለው ቃል ትንሽ ይለያል። መጨረሻው ቀድሞውንም ኃምስ ነው፤ «ሬ»። ስለዚህ ፊደሉ አይለወጥም፤ ሌላ ፊደል ይጨመርበታል፦

በሬዬ፣ በሬህ፣ በሬሽ፣ በሬዎ፣ በሬው፣ በሬዋ፣ በሬያችን፣ በሬያችሁ፣ በሬያቸው።

«በሬዬ» ላይ ያለችውን «ዬ» አያችኋት? የጎብዬም ስም በ«ዬ» ያልቃል። ያቺ ግን የስሙ ፊደል ናት፤ የእኔ ማለት አይደለችም። ስለዚህ ፊደሏን ማየት ብቻ አይበቃም። ቃሉ ያለ እሷ ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። «በሬዬ» ያለ «ዬ» በሬ ነው። «ጎብዬ» ያለ «ዬ» ምንም ቃል አይሆንም።

ከባለቤቱ ምልክት በኋላ አንዳንድ ጊዜ «ን» ትመጣለች። «በሬዬን ሸጥኩ»፣ «በሬህን አየሁት» እንላለን። «በሬያችን» ሲሆን ሁለት «ን» ይከተላሉ፦ «በሬያችንን ሸጥን»። የመጀመሪያዋ «ን» የእኛ መሆኑን ትናገራለች። ሁለተኛዋ የተሸጠው እሱ መሆኑን ትናገራለች። ብዙ ሰው አንዷን ይረሳታል። ሁለቱንም ጻፉ።

3. ሁለት ሥራ ያላት ፊደል

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። «በሬውን ይሽጥ» ይል ነበር። «ው» ምን ትሠራለች?

አንደኛ ሥራዋ «የእሱ» ማለት ነው። «ከበደ በሬውን ጠመደ» ብንል የከበደ በሬ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ሥራዋ የታወቀውን ነገር ማመልከት ነው። «ትናንት አንድ በሬ ገዛሁ። በሬው ቀይ ነው» እንላለን። እዚህ ላይ «በሬው» የእሱ በሬ አይደለም። ያ የተነገረው፣ ያ የምናውቀው በሬ ማለት ነው።

አንዲት ፊደል፣ ሁለት ሥራ። «ቤቱ»፣ «ልጁ»፣ «መሬቱ»፣ «ብሩ» ሁሉም እንዲህ ናቸው። «ልጁ መጣ» ስንል የእሱ ልጅ መጣ ወይስ ያ ልጅ መጣ? ከአፍ ሲነገር ችግር የለም። ተናጋሪው በእጁ ይጠቁማል፤ ካልገባችሁ ትጠይቁታላችሁ። ወረቀት ግን እጅ የለውም። ብትጠይቁትም አይመልስም።

በሴት ጾታም ነገሩ ያው ነው። «ላሟ ወለደች» ስንል የእሷ ላም ናት ወይስ ያቺ የምናውቃት ላም? ሁለቱንም ይሆናል። «ላሚቱ ወለደች» ካልን ግን ያቺ ላም ናት፤ የባለቤት ነገር የለበትም። «ልጇ» እና «ልጅቷ» የሚሉትንም አስተያዩ። «ልጇ» የእሷ ልጅ ነው። «ልጅቷ» ያቺ ልጅ ናት። ቋንቋችን በአንዳንድ ቃል መለያ ሰጥቶናል፤ በአንዳንዱ አልሰጠንም።

አሁን ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ዓረፍተ ነገር ስሙ፦

«ከበደ ለአለሙ በሬው እንደጠፋ ነገረው።»

የጠፋው የማን በሬ ነው? የከበደ ሊሆን ይችላል። የአለሙ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚያውቁት የሌላ ሰው በሬ ሊሆን ይችላል። ሦስት ባለቤት ለአንድ በሬ! ታዲያ ፍለጋ የሚወጣው ማን ነው?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ባለቤቱን በ«የ» ማውጣት ነው። «የእኔ በሬ»፣ «የአንቺ ልጅ»፣ «የራሱ በሬ» ይባላል። በተለይ «የራሱ» የምትለው ቃል ብዙ ታግዛለች። «ከበደ የራሱን በሬ ሸጠ» ካልን የሌላ ሰው በሬ ነው ብሎ የሚከራከር የለም።

ሁለተኛው፣ በስም መጥራት ነው። «ከበደ የአለሙ በሬ እንደጠፋ ለአለሙ ነገረው።» አሁን ፍለጋ የሚወጣው ታወቀ።

ሦስተኛው፣ የባለቤት ነገር ካልሆነ ምልክት መስጠት ነው። «ያ በሬ»፣ «ቀዩ በሬ»፣ «ትናንት የገዛነው በሬ» ይባላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «የእኔ» ካላችሁ በኋላ «በሬዬ» ማለት አያስፈልግም። «የእኔ በሬ» ወይም «በሬዬ» ይበቃል። ለአንድ በሬ ሁለት ቀንበር አይጫንም።

የእትዬ ባል ደብዳቤ እንዲህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮስ?

«ወንድሜ የእኔን በሬ ይሽጥ። በብሩም የእኔና የአንቺ ልጅ ይታከም።»

ስንት ቃል ተጨመረ? ሦስት ናቸው፦ «የእኔን»፣ «የእኔና» እና «የአንቺ»። ሦስት ቃል መቀናጆውን ያድነው ነበር።

ምናልባት «ለምን በሬያችንን አይልም?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ወንድምየውም አብሮ ተቀምጦ ሲሰማ «እኛ» ማን ማን ነው? ባልና ሚስት ብቻ ናቸው ወይስ ወንድምየውም አለበት? «የእኛ» ስትሉ ምን ጊዜም ቁጥሩን አስቡ።

4. «ያቸው» ስንት ሰው ነው?

እኛ ታላቅን እናከብራለን። አባትን «እሱ» አንልም፤ «እሳቸው» እንላለን። እናትንም እንዲሁ። ይህ መልካም ባህል ነው። በጽሑፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

«ቤታቸው» የሚለው ቃል ሦስት ዓይነት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። አንድ የተከበሩ ወንድ ሊሆን ይችላል። አንዲት የተከበሩ ሴት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። «አያ መጡ፤ እትዬ መጡ፤ ቤታቸውም ታደሰ» ብንል የአያ ቤት ነው? የእትዬ ቤት ነው? ወይስ የሁለቱ ቤት ነው?

አክብሮቱን አትተዉ። ስሙን ግን ጨምሩ። «የእትዬ ቤት ታደሰ» ማለት አክብሮትም አለው፤ ግልጽም ነው። የሁለቱ ከሆነ «የሁለቱም ቤት» በሉ።

5. በውልና በይዞታ ደብተር ላይ

በደብዳቤ ላይ የተሳሳተ ነገር በሽማግሌ ይታረቃል። በውል ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ለፊርማ የቀረበላችሁን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት የቃላቱን መጨረሻ አንብቡ።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የገጠር መሬት እየተመዘገበ ለአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ሲሆን የሁለቱም ስም በደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ደብተሩ «መሬቱ» ብሎ አያልፍም። ባለይዞታዎቹን በስማቸው ይጠራል። ለምን መሰላችሁ? «መሬቱ» ብቻ ቢባል ያ መሬት ማለት ይሆናል፤ ወይም የእሱ መሬት ማለት ይሆናል። «የእሱ» ከተባለ ሚስት የለችበትም። ስሟ ሲጻፍ ግን አለችበት።

ታዲያ መሬት በኪራይ ወይም በእኩል ስትሰጡ የምትጽፉት ውልም እንደዚያ ይሁን። ይህን ተመልከቱ፦

«አቶ ከበደ መሬቱን ለአቶ አለሙ ለሁለት ዓመት አከራዩ።»

የትኛውን መሬት? የማንን? ሚስታቸውስ? አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ፦

«አቶ ከበደና ወይዘሮ አስቴር የሁለታቸው የጋራ ይዞታ የሆነውን መሬት ለአቶ አለሙ ለሁለት ዓመት አከራዩ።»

ሁለተኛው ይረዝማል። ጠብ ግን ያሳጥራል። የመሬቱን ስፋትና አዋሳኞቹን ስትጨምሩበት የበለጠ ይጸናል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሊጠይቅ ይችላል፦ «መሬት እኮ አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሏል። ታዲያ 'መሬቴ' ማለት ስህተት ነው?»

ስህተት አይደለም። «መሬቴ» ስንል የያዝኩት፣ የማርሰው ማለታችን ነው። ይህች የባለቤት ፊደል ንብረትን ብቻ አትናገርም። «አገሬ» እንላለን። «ጎረቤቴ» እንላለን። «አስተማሪዬ» እንላለን። አስተማሪውን ግን ገበያ አውጥታችሁ አትሸጡትም! ፊደሏ የምትናገረው የሚያገናኝ ነገር መኖሩን ነው። ግንኙነቱ የይዞታ ይሁን፣ የንብረት ወይም የዝምድና፣ ውል ላይ ሲሆን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

6. በእንግሊዝኛስ?

ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራሉ። ማታ ደብተራቸውን ሲከፍቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለ ባለቤት በእንግሊዝኛ ሰባት ቃላት ይበቃሉ። ድምፃቸውን በእኛ ፊደል እጽፍላችኋለሁ፦

ማይ፦ የእኔ
ዩር፦ የአንተ፣ የአንቺ፣ የእርስዎ፣ የእናንተ
ሂዝ፦ የእሱ
ኸር፦ የእሷ
ኢትስ፦ የእንስሳ ወይም የዕቃ
አወር፦ የእኛ
ዜር፦ የእነሱ

እነዚህ ቃላት እንደ እኛ ፊደል መጨረሻ ላይ አይለጠፉም። ከፊት ይቀድማሉ። «ቤቴ» ለማለት «ማይ ሃውስ» ይላሉ። የእኛም «የእኔ ቤት» እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ይቀድማል። ቤቶቹ ብዙ ቢሆኑም «ማይ» አይለወጥም።

ልጆቻችን የሚሳሳቱት አራት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ «ሂዝ» እና «ኸር» ላይ ነው። ባል ወንድ ስለሆነ ብቻ «ሂዝ ሃዝባንድ» ብለው ይጽፋሉ። ስህተት ነው። የሚታየው ባለቤቱ እንጂ የተያዘው አይደለም። ይህን ደግሞ አማርኛችን ያስተምረናል። «ባሏ» እንላለን፤ ባል ወንድ ቢሆንም መጨረሻዋ «ሏ» የሴት ናት። ስለዚህ «ባሏ» በእንግሊዝኛ «ኸር ሃዝባንድ» ነው። «ሚስቱ» ደግሞ «ሂዝ ዋይፍ» ነው።

ሁለተኛ፣ አክብሮት ላይ ነው። ልጅ አባቱን ስለሚያከብር «አባቴና ቤታቸው» ለማለት «ዜር ሃውስ» ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ «ዜር» አንድን የተከበረ ሰው ለመጥራት አይሆንም። ለአባት «ሂዝ ሃውስ»፣ ለእናት «ኸር ሃውስ» ይባላል። ይህ ንቀት አይደለም፤ የቋንቋው ልማድ ነው።

ሦስተኛ፣ «ዘ» ላይ ነው። «ዘ» የታወቀውን ነገር የምታመለክት ቃል ናት። አንዳንድ ልጅ «ዘ ማይ ቡክ» ይላል። ሁለት ቀንበር ነው። ወይ «ዘ ቡክ»፣ ወይ «ማይ ቡክ» ይበል።

አራተኛ፣ «ኢትስ» ላይ ነው። ይህ ድምፅ በጽሑፍ ሁለት መልክ አለው። ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ከላይ ትንሽ ጭረት ካለ «እሱ ነው» እንደማለት ነው። ጭረት ከሌለ የባለቤት ቃል ነው። «ላሟና ጥጃዋ» ስንል የላሟን ጥጃ በእንግሊዝኛ «ኢትስ ካፍ» ቢሉት ያለ ጭረት ይጻፋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛ «በሬው» ያልነው በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው። ያ የታወቀው በሬ «ዘ ኦክስ» ነው። የእሱ በሬ «ሂዝ ኦክስ» ነው። ያ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቢሆን ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህን የምላችሁ እንግሊዝኛ ከአማርኛ ይበልጣል ለማለት አይደለም። በእሱም በኩል ጉድለት አለ። «ዩር» ሲሉ አንተን ይሁን፣ አንቺን ይሁን፣ እርስዎን ይሁን፣ እናንተን ይሁን አይታወቅም። አማርኛ ግን አራቱንም ይለያል። ከበደና አለሙ ባሉበት «ሂዝ ኦክስ» ቢባልም የማን እንደሆነ ያው አይታወቅም። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን መጠንቀቅ ያለበት ጸሐፊው ነው።

7. መልመጃ

እነዚህን በደብተራችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ ላይ «የማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ግልጽ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።

ሀ. «ውሃውን ወደ እኔ ልቀቅ፤ ተራው ደርሷል።»
ለ. «እህቴ ለጎረቤቷ ላሟ እንደታመመች ነገረቻት።»
ሐ. «የእኔ ልጄ ትምህርት ቤት ገባ።»
መ. «አያና እትዬ ገበያ ሄዱ፤ ገንዘባቸው ጠፋ።»

አሁን መልሱን እንይ።

ሀ. መስኖ ባለበት ሁሉ የውሃ ተራ ያጣላል። «ተራው» የማን ተራ እንደሆነ አይናገርም። «ተራዬ ደርሷል» ይባል።

ለ. የታመመችው የእህቴ ላም ናት ወይስ የጎረቤቷ? የእህቴ ከሆነች «እህቴ የራሷ ላም እንደታመመች ለጎረቤቷ ነገረቻት» እንበል። የጎረቤቷ ከሆነች «የጎረቤቷ ላም» ብለን እንጻፍ።

ሐ. ሁለት ቀንበር ነው። «ልጄ» ወይም «የእኔ ልጅ» ይበቃል።

መ. የአያ ገንዘብ ከሆነ «የአያ ገንዘብ ጠፋ»፤ የእትዬ ከሆነ «የእትዬ ገንዘብ ጠፋ»፤ የጋራ ከሆነ «የሁለቱም ገንዘብ ጠፋ» ይባላል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ልሰናበታችሁ ነው። አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በቤታችሁ ያለ ደብዳቤ፣ ውል ወይም በስልክ የተላከ መልእክት ካለ አንዱን አውጡ። ጣታችሁን በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ላይ አሳርፉ። «የማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ከመለሰላችሁ መልካም ነው። ካልመለሰላችሁ ከመሸጣችሁ፣ ከመፈረማችሁ ወይም ከመጣላታችሁ በፊት ጸሐፊውን ጠይቁ።

ምናልባት ነገ አንድ ጎረቤት ወረቀት ይዞ «አንብብልኝ»፣ «አንብቢልኝ» ይላችሁ ይሆናል። ያነበባችሁትን ንገሩት። ያልተጻፈውን ግን «እዚህ ላይ አልተጻፈም» በሉት። ይህን ማለት አያሳፍርም። እኔ በ12 ዓመቴ ይህን ማለት አፍሬ የሁለት ቤት ዘር አስቀርቻለሁ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።